የሃይላንዱ «መድኃኒት»

ደሴ ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ድምፅ አይስተውም። አንድ ልጅ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይቆማል። አስቀድሞ የቀዳውን ይለቀዋል፤ እሱ ዝም፣ መሣሪያው ብቻ ይለፈልፋል። «የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ፣ የአይጥ መድኃኒት!» ፊቱ የተነጠፈው ላስቲክ ላይ መርፌ አለ፣ ባትሪ አለ፣ የጥፍር መቁረጫ አለ። ከዚያ መሃል በትንንሽ ፌስታል የተቋጠረ ዱቄት አለ፤ አጠገቡ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ቢጫማ ፈሳሽ።

ባለፈው ጠጋ አልኩና ጠየቅሁት።

«ስሙ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«የምን መድኃኒት?»

«የሁሉም» አለኝ፤ ፊቱን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞረ።

እኔ እንግዲህ ነገሩን ያበላሸው ይኸው ቃል ነው ባይ ነኝ። የራስ ምታት መድኃኒት፣ የሳል መድኃኒት፣ የትኋን መድኃኒት። ስማቸው አንድ ሲሆን አያያዛቸውም አንድ ሆነ። አልጋ ሥር እናስቀምጠዋለን፣ ከስኳሩና ከጨው ዕቃው ጎን እንደረድረዋለን፣ የተረፈውን ለጎረቤት እናካፍላለን። «ፀረ ተባይ» የሚለው የቢሮ ቃል ነው፤ ቤት ውስጥ ማንም ሲጠራው አልሰማሁም። ገጠር ስትወርዱ ደግሞ ሁሉም «ማላታዮን» ነው። ካራቴም ቢሆን፣ ዲያዚኖንም ቢሆን፣ ዳይሜቶየትም ቢሆን ማላታዮን ይባላል። ይህ የስም ዝብርቅርቅ ሆስፒታል በር ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ እመለስበታለሁ።

አጎቴ ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ሐርቡ አካባቢ በመስኖ ቀይ ሽንኩርት ያለማል። ሽንኩርትን ያመረተ ሰው ትሪፕስን ያውቃታል፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ቅጠል እየመጠጠች የምታነጣ ነገር ነች። ለእሷ ሲባል በአንድ ወቅት ደጋግሞ ይረጫል፤ አልሞት ስትለው ሁለት ሦስት ዓይነት ደባልቆ ይረጫል። አምና ስሄድ ጀርባው ላይ ያዘለው መርጫ ክዳኑ ያፈስ ነበር። ሸሚዙ ከወገቡ በታች ርሷል። ጫቱን ጉንጩ ውስጥ ወትፏል፤ የሚቀነጥሰውም በዚያው በሚረጭበት እጁ ነው። ማታ ቤት ከገባን በኋላ ራሱን ያዘው። ላብ በላብ ሆነ። አንዴ አስታወከው። «ኩራዙን ከፍ አድርጉት፣ ብርሃኑ ደበዘዘብኝ» አለ። ኩራዙ ደህና ነበር።

ሚስቱ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች። «አጎቴ፣ ምን ሆኑ?» ስለው «አብሽር፣ ምች ነው» አለኝ።

ምች ሁለተኛው ችግር የሆነ ቃል ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ ራሱን የሚያመው፣ የሚያልበውና የሚያቅለሸልሸው ሰው እኛ ዘንድ ምች መትቶታል። ዳማከሴ ይታሸትለታል፣ ይታጠናል፣ ይተኛል፤ ብዙ ጊዜም ይነጋለታል። ግን የዓይን ብርሃን መደብዘዝ ምች አይደለም። የዓይኑ ብሌን በመርዙ ምክንያት እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቦ፣ ብርሃን እንደ ልቡ መግባት አቅቶት ነው። አጎቴ በዚያ ምሽት በመጠኑ ተመርዞ ነበር። እኔም ቢሆን ያን ጊዜ አላወቅሁትም፤ አብሬ «እግዜር ይማርህ» ብዬ ተኛሁ።

አሁን ይህ መርዝ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ነገሩ ሲገባችሁ ቀሪውን ለማስታወስ ይቀላል።

ቡና ሲፈላ እናት ልጇን ወደ ጎረቤት ትልካለች። ልጁ በር ያንኳኳል፣ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ይላል፤ እናትም ትጠራዋለች፣ ይመለሳል። ነርቮቻችን ለጡንቻ፣ ለልብ፣ ለእጢ ትእዛዝ የሚያደርሱት እንዲሁ ነው። የሚላከው ልጅ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ነው። ልጁን ወዲያው የምትመልሰው እናት ደግሞ አሴቲልኮሊንስትሬዝ የምትባል ኢንዛይም ነች። ማላታዮን፣ ዲያዚኖን፣ ክሎርፓይሪፎስ፣ ዳይሜቶየት፣ ፕሮፌኖፎስ ኦርጋኖፎስፌት የሚባል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሥራቸውም የእናቲቱን እጅ ማሰር ነው። ልጁን የሚመልሰው ጠፋ። ማንኳኳቱን አያቆምም። በየበሩ፣ ያለማቋረጥ። ጎረቤት ሁሉ አንድ ጊዜ ተነስቶ ይወጣል።

ሰውነት ላይ ሲሆን እንዲህ ነው የሚታየው። እንባ ይፈስሳል፣ ለሃጭ ይዝረከረካል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሽንት ያመልጣል። የልብ ምት ይዘገያል። ቆዳ ሥር ያሉ ጡንቻዎች እንደ ፈላ ውሃ ይርገበገባሉ፤ ቀጥሎ ይዝላሉ። አንዳንዱ ይወራጫል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ያላየ ሰው «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ክብሪት ይጭርበታል። ሌላው እየተንገዳገደ ቃል ሲያምታታ «ጠጥቶ ነው» ይባላል። የሚገድለው ግን እስትንፋስ ነው። ሳንባው በራሱ ፈሳሽ ይሞላል፣ የአየር ቱቦው ይጠባል፣ አየር የሚስቡት ጡንቻዎች ይደክማሉ፣ አንጎሉም «ተንፍስ» ማለቱን ያቆማል። ሰውየው ደረቅ መሬት ላይ ተኝቶ ይሰጥማል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ላስገባ። ሳሪን የሚባለው የጦር መሣሪያ መርዝ ጋዝ የእነዚህ የአጎት ልጅ ነው። ጌርሃርድ ሽራደር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ለእርሻ የሚሆን ፀረ ነፍሳት ሲፈልግ በ1936 እ.ኤ.አ. ታቡንን፣ በ1938 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ሳሪንን አገኘ። እኛ ሃይላንድ ውስጥ የምንቀዳው ጉልበቱ ከነዚያ በብዙ ያነሰ ነው፤ የሚነካው ቦታ ግን ያው ነው።

ካርባሜት የሚባሉትም፣ ለምሳሌ ሴቪን በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ካርባሪል፣ እናቲቱን ያስራሉ፤ ግን ገመዱ ላላ ያለ ነው፤ በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ይፈታል። ይህ ማለት ቀላል ናቸው ማለት አይደለም፤ በዚያ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰው ይሞታል። ፓይረትሮይዶች ደግሞ ሌላ ናቸው። የአጎበሩ ላይ ዴልታሜትሪን፣ የካራቴው ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ በቆርቆሮ የሚነፋው የቤት ፍሊት አብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። የሰው ሰውነት ቶሎ ስለሚሰባብራቸው ጉዳታቸው ያነሰ ነው፤ ቆዳ ያሳክካሉ፣ ፊት ያቃጥላሉ፣ ይነዝራሉ፣ አስም ያለበትን ያፍናሉ። ስለዚህ «ኬሚካል ነው» ብሎ አጎበር መጣል ስህተት ነው። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያለው ቆላ ወባ ያለበት ነው፤ ከአጎበሩ ይልቅ ትንኟ ትገድላለች። የወባ ርጭት ሲመጣም ምግብና ዕቃችሁን አውጡ፣ የተባላችሁትን ሰዓት ያህል ውጭ ቆዩ፣ የሞተውን ነፍሳት ጠርጋችሁ ቅበሩ። አበቃ። («ርጭቱ ትኋን አበዛብን» የሚለውን ሮሮ እሰማለሁ፤ እውነትም ትኋኗ መድኃኒቱን ለምዳው ይሆናል፤ ግን ለዚያ መልሱ ማላታዮን ፍራሽ ላይ ማፍሰስ አይደለም።)

መርዙ የግድ በአፍ መግባት የለበትም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። አጎቴ አንድ ጠብታ አልጠጣም። የገባው በቆዳው ነው፣ በትንፋሹ ነው፣ በጫቱ ነው። የቆዳው ነገር በተለይ ይገርማል፤ ሁሉም የሰውነት ክፍል እኩል አይመጥም። የእጅ መዳፍና ክንድ በመጠኑ ይከላከላሉ፤ የራስ ቆዳና ግንባር የበለጠ ያስገባሉ፤ የወንድ ብልት አካባቢ ቆዳ ግን ከክንድ ከአሥር እጥፍ በላይ ያስገባል። ከጀርባ የሚያፈስ መርጫ ወዴት እንደሚወርድ አስቡት። በቆዳ የገባ መርዝ ደግሞ ወዲያው ላያሳይ ይችላል፤ ቀን የረጨ ሰው ሌሊት ይታመማል። እንግዲህ ማን ያገናኘዋል? ምች ነዋ።

ከዚህ የባሰው ግን ድምሩ ነው። የታሰረችው ኢንዛይም በአንድ ሌሊት አትተካም፤ ደም ውስጥ ያለችው ወደ ቦታዋ ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባታል። በየሳምንቱ የሚረጭ ገበሬ የዛሬው ሳይተካ የነገውን ይጨምርበታል። አሥር ጊዜ ረጭቶ ምንም ያልሆነ ሰው በአሥራ አንደኛው፣ በዚያው መጠን፣ ሊወድቅ ይችላል። «እኔን ለምዶኛል» የሚል ገበሬ ስሰማ አሁን አሁን የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

አሁን «ጓንት አድርግ፣ ጭምብል አድርግ፣ ቱታ ልበስ» ማለት ይመጣል። እኔም ለአጎቴ ብዬዋለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ሥር በብርድ ተቆራምደህ «ሙሉ ልብስ ልበሱ» ማለት ቀላል ነው። ሐረጎን ወርደህ፣ ኮምቦልቻን አልፈህ፣ ሐርቡ ላይ በቀትር ላስቲክ ለብሰህ ሞክረው። አጎቴ «አንተ ልበሰውና ግማሽ ቀን ቁም» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። የሚቻለውን ብቻ ነው የተስማማነው። ረጅም እጅጌና ሱሪ ከላይ፣ ጎማ ቦት ከሥር፣ የሱሪው እግር ከቦቱ ውጭ። የሚያፈሰውን ክዳን መጠገን። ጠዋት በማለዳ፣ ንፋሱን ከጀርባ አድርጎ መርጨት። እየረጩ አለመቃም፣ አለማጨስ፣ አለመብላት። ሲጨርሱ በሳሙና ገላን መታጠብ፤ ልብሱን ከልጆች ልብስ ለይቶ ማጠብ። ቀላሉና ነፃው ይኸው ነው። ጫቱ ላይ ነው ጭቅጭቅ የተነሳው።

ጫት ካነሳን አይቀር። በእኛ አካባቢ ጫትም እንደ ሽንኩርቱ ይረጫል፤ ልዩነቱ ጫትን ማንም አይቀቅለውም፣ ብዙው ሰውም አያጥበውም። የተረጨ ነገር ከመቆረጡ በፊት መቆየት ያለበት የቀን ብዛት አለ፤ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ማሸጊያው ሃይላንድ ከሆነ ግን ምንም አልተጻፈም። ጠዋት ተረጭቶ ከሰዓት በርጫ ላይ የሚደርስ ቅጠል ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም። ማጠብ ላዩ ላይ ያለውን ይቀንሳል፤ እንደ ዳይሜቶየት ያለው ግን ተክሉ ራሱ ስለሚመጠው ውስጡ ይገባል፣ በውሃ አይወጣም።

ቤት ውስጥ ስንመጣ ዋናው ተጠቂ ሕፃን ነው። ኦርጋኖፎስፌቱ ውሃ ሲነካው እንደ ወተት ይነጣል፤ ወተት የመሰለ ነገር በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ መሬት ላይ ሲቀመጥ ለሦስት ዓመት ልጅ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው በቅማል ሰበብ ነው። እናት ልጇ ስታክክ አይታ ትጨነቃለች፤ አንዷ «ያንን መድኃኒት ጠብ አድርጊበት» ትላታለች። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ፤ ፋርማሲ ውስጥ በማላታዮን የተሠራ የቅማል ቅባት በዓለም ላይ አለ። እሱ ግን 0.5 በመቶ ነው። ገበሬው የሚገዛው 50 በመቶ ነው። መቶ እጥፍ። ያውም በራስ ቆዳ ላይ፣ ያውም የታከከና የቆሰለ።

ሦስተኛው የነቀዝ ክኒን ነው። ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ማሽላና በቆሎ ውስጥ የሚጨመረው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ክኒኑ ሳይሆን ይህ ጋዝ ነው፤ ጋዝ ደግሞ ጆንያ ውስጥ ቁጭ አይልም። ጆንያው የተደረደረው አልጋው አጠገብ ከሆነ፣ ወይም ከቀርከሃና ከጭቃ ግድግዳ ማዶ ከሆነ፣ የተኛው ቤተሰብ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሰው ያድራል። መጀመሪያ ልጆቹ ያስመልሳቸዋል። «ማታ የበሉት ነው» ይባላል። ጋዙ ልብን ነው የሚመታው፤ እንደ ኦርጋኖፎስፌቱ የሚሰጥ ማርከሻም የለውም። ነጭ ሽንኩርት ወይም የገማ ዓሣ የሚመስል ሽታ እህል ካለበት ቤት ከመጣ ሰውን ሁሉ ወደ ውጭ ማውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት፤ ውሃ ማፍሰስ ግን በጭራሽ፣ ጋዙን ያባብሰዋል። ሰው የሚያድርበት ቤት ውስጥ ያለ እህል ላይ ይህን ክኒን አትጠቀሙ። ጤፍ ከሆነ ጭራሽ አያስፈልገውም፤ ነቀዝ ጤፍን አይደፍርም። ለማሽላውና ለበቆሎው ሦስት ድርብ ያለው ፒክስ የሚባል ከረጢት አለ፤ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ራሱ ታፍኖ ይሞታል፣ ኬሚካል የለበትም። ከተራ ጆንያ ይወደዳል፤ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል።

አንድ ሰው ተመርዞ ብታገኙስ? መጀመሪያ እናንተ አትመረዙ። ልብሱ ላይ ያለው ወደ እጃችሁ ይገባል፤ ጓንት ከሌለ ሁለት ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ከቦታው አውጡት፣ ልብሱን ሁሉ አውልቁ፣ ፀጉሩንና ጥፍሩን ጨምሮ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። የቆዳ ጫማና ቀበቶ መርዙን ስለሚመጡ ይጣሉ፤ አይታጠቡም። ራሱን የሳተ ከሆነ በግራ ጎኑ አስተኙት።

ወተት አታጠጡት። እንቁላል አታጠጡት። ዘይትም፣ ሎሚም፣ የአብሽ ውሃም አይሆንም። ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እያንዳንዱ ቤት «ወተት መርዝ ያረክሳል» ተብሎ ነው ያደገው፣ ቆመህ ከምታይ አንድ ነገር ማድረግ ይሻላል። ወተቱ ግን መርዙን አያረክስም። የሚያደርገው ሰዓት መብላት ነው፤ ደካማ ሰው አፍ ውስጥ የፈሰሰ ወተት ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። ጣት ሰዶ ማስመለስም እንዲሁ ነው። እነዚህ ፈሳሾች አብዛኞቹ የሚሟሙት የነዳጅ ዘር በሆነ ነገር ነው፤ ሲመለስ ጥቂቱ ወደ ሳንባ ከሄደ ሌላ በሽታ ጨመርክበት። ፀበሉም ዱዓውም መንገድ ላይ ይሁን፤ ባጃጁ እየሄደ፣ መጋረጃው ተገልጦ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። በፌስታል ጠቅልላችሁ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ነበር?» ነው። ይህን ጥያቄ ሰው ሲመልስ አይቻለሁ። አንድ ጎረቤታችንን ይዘን የሄድን ጊዜ ነው። «ማላታዮን» አልን፤ ሐኪሙ «አይታችሁታል?» አለ፤ ሃይላንዱን አወጣን። ላዩ ላይ የታሸገ ውሃ ማስታወቂያ፣ የተራራ ሥዕል። ሐኪሙ ክዳኑን ከሩቅ ከፈት አድርጎ በእጁ አየሩን ወደ አፍንጫው ሳበና ራሱን ነቀነቀ። ምልክቱን እያየ ለማከም ተገደደ። ያ ሰው ዳነ፤ ግን ኦርጋኖፎስፌት ነው፣ ፓይረትሮይድ ነው፣ የነቀዝ ክኒን ነው፣ የአይጥ መርዝ ነው የሚለው ሕክምናውን ከሥሩ ይለውጠዋል።

ለኦርጋኖፎስፌት ዋናው መድኃኒት (ይኼኛው እውነተኛው መድኃኒት ነው) አትሮፒን ነው። አትሮፒን የታሰረችውን እናት አይፈታም። የጎረቤቶቹን ጆሮ ይደፍናል እንጂ፤ ልጁ ቢያንኳኳም አይሰሙም። ሳንባው ይደርቃል፣ ልብ ትነቃለች። ብዙ ያስፈልጋል፤ ለሌላ በሽታ ከሚሰጠው በብዙ እጥፍ፣ በየደቂቃው እየታየ። ለዚህ ነው ቤተሰብ ሌሊት «ግዙ» ተብሎ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚሮጠው። እናቲቱን ራሷን ሊፈታ የሚሞክር ፕራሊዶክሲም የሚባልም አለ፤ ቶሎ ካልተሰጠ ቋጠሮው ይደርቃል፣ በየሆስፒታሉም አይገኝም፤ ጥቅሙ ላይም ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አትሮፒን የማይደርስበት ቦታ ደግሞ አለ፤ የጡንቻ ድካምን አይመልስም። ለዚያ የሚያስፈልገው የመተንፈሻ ማሽን ነው።

በነገራችን ላይ መንገድ ዳር ቆሻሻ ላይ የሚበቅለው አጠፋሪስ ውስጥ አትሮፒን አለ። በልቶት የሚያውቅ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይፈጥጣል፣ ይቃዣል፤ የኦርጋኖፎስፌቱ ግልባጭ ነው። «እንግዲያው ቀቅለን እናጠጣው» የሚል ብልጥ እንዳይመጣ ብዬ ነው ቀድሜ የማነሳው፤ አንድን ሰው በሁለት መርዝ መምታት ነው የሚሆነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ቦታ። በሽተኛው በማግስቱ ነቃ፣ አወራ፣ ሻይ ጠጣ። ወጪው እየከበደ ነው። «ደህና ሆኗል፣ ይዘነው እንሂድ።» አይሆንም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የአንገትና የመተንፈሻ ጡንቻዎች እንደገና ሊዝሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ምልክት ቀላል ነው፤ ራሱን ከትራሱ ላይ ቀና ማድረግ ያቅተዋል። ይህ ቤት ውስጥ ከተከሰተ ማሽን የለም። ሌሎች ደግሞ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ እግራቸው ይደነዝዛል፣ ይዝላል፤ ለማገገም ወራት የሚፈጅባቸው፣ ጭራሽ የማይመለስላቸውም አሉ።

ከዓመታት በኋላ የሚመጣውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ማላታዮንንና ዲያዚኖንን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ» ብሎ ሊሆን ይችላል ከሚባሉት ከፍተኛው ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ዲዲቲንም እንዲሁ። ክሎርፓይሪፎስ በማህፀን ያለ ጽንስ አንጎል ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት አውሮፓ በ2020 አገደችው፤ በ2025 ደግሞ በስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ነች። ነፍሰ ጡር ሴት መርጨት ይቅርና የተረጨ ልብስ ማጠብ የለባትም። በእኛ ቤት ግን ልብሱን የሚያጥበው ማን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን።

ሳላነሳው የማላልፈው አንድ ነገር አለ፤ ቀስ ብዬ ላንሳው። ሆስፒታል ከሚገባው መመረዝ ብዙው አደጋ አይደለም። ሰው ራሱ ላይ የሚያደርገው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ራሳቸውን ከሚያጠፉ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ በፀረ ተባይ እንደሆነ ይገምታል። ብዙ ጊዜ የተጠና ውሳኔ አይደለም፤ የአንድ ጠብ፣ የአንድ ፈተና ውጤት፣ የአንድ ምሽት ነገር ነው። የዳኑት «ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም» ይላሉ። ስሪላንካ አደገኛዎቹን ኬሚካሎች አንድ በአንድ ስታግድ ራስን የማጥፋት ሞት በሃያ ዓመት ውስጥ 70 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ጭንቀት ከሀገሪቱ ጠፍቶ አይደለም፣ በዚያች ሰዓት እጅ ላይ ያለው ነገር ስለተቀየረ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያዘነ፣ ዝም ያለ፣ «መኖር ሰለቸኝ» ያለ ሰው ካለ ያን ጠርሙስ ዛሬውኑ ከቤት አውጡት፤ ሰውየውንም ብቻውን አትተዉት፣ ጠይቁት፣ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ደርሶ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙን «በስህተት ነው» ብላችሁ አትዋሹት። ይሉኝታውን እረዳለሁ። ሐኪሙ ግን መጠኑንና ሰዓቱን ነው የሚፈልገው፤ ከዳነ በኋላም ሁለተኛ እንዳይሞክር የሚያነጋግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ሕጉስ? አለ። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥን ይከለክላል፤ ማሸጊያና መለያ ጽሑፍም ግድ ይላል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀለም ራሱ ይናገራል፤ ቀይ ካለው ራቁ፣ ቢጫውም ጎጂ ነው፣ ሰማያዊው ይቀላል፣ አረንጓዴው ከሁሉም ይቀላል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቀለም ያያል። ሃይላንድ ውስጥ ሲቀዳ ግን ቀለሙም፣ ስሙም፣ መጠኑም፣ ማርከሻውም አብረው ይቀራሉ። ልጁ ገበያ ላይ የሚሸጠው እንግዲህ ስም የሌለውን ነው። እሱን ማሰር ምንም አይፈይድም፤ ከጅምላው ሊትር የሚቀዳለት ሰው አለ፤ ደግሞ ገበሬው ሙሉ ሊትር መግዛት ስለማይችል ነው ሩብ የሚጠይቀው። በትንሽ ማሸጊያ፣ ከነመለያው፣ በአማርኛ ተጽፎ ቢመጣ ግማሹ ችግር እዚያው ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ባዶው ጄሪካን ላይ ደግሞ አንድ ቃል። ሦስት ጊዜ ብታጥቡትም የውሃ ወይም የዘይት ዕቃ አይሆንም። ያጠባችሁበትን ውሃ መርጫው ውስጥ መልሳችሁ ማሳው ላይ ጨርሱት፤ ቦርከና ውስጥ አትድፉት፣ ከታች የሚጠጣ ሰውም ከብትም አለ። ከዚያ ብሱት፣ ማንም እንዳይቀዳበት።

ባለፈው ወር አጎቴ ጋ ተመልሼ ነበር። ክዳኑን አስጠግኗል። መርጫው ከመኝታ ቤት ወጥቶ ከብቶቹ ወደሌሉበት ዳስ ሄዷል፤ ጠርሙሶቹን የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከቷቸዋል። ሣጥኑ ላይ በኖራ «መርዝ» ተጽፏል። የጻፈችው የስድስተኛ ክፍል ልጁ ነች፤ «መድኃኒት» ብላ ጀምራ እንደሰረዘችው ያስታውቃል። ቁልፍም ገዝቷል፣ አዲስ፣ ደህና ቁልፍ። ከፈት ልበለው ብዬ «መክፈቻው የት አለ?» ስለው በአገጩ አሳየኝ። እዚያው ሣጥኑ ጎን፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።